ኳሷን ታቅፌ የቆምኩበት መስመር

ባለፈው ቅዳሜ ቀዩ ሰውዬ ጨዋታ አቆመ።

ቀዩ የምለው አየርላንዳዊ የራግቢ ተጫዋች ነው። ስሙን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ፈረንሳዊ ደጋግሞ ይጠራዋል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን በፀጉሩ ስለያዝኩት ቀዩ እንዳልኩት ቀረሁ። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር፣ ፋንታዬ ሻይ ቤት፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ያለችው ወንበር የእኔ ናት። ፋንታዬ የኮምቦልቻ ልጅ ነች፤ ዕድሜዋን ሰው ቤት ሠርታ ስታበቃ ነው ይህችን ቤት የከፈተችው። የብርዱ ወራት ሲመጣ (ጅቡቲ በረደ የሚባለው ሸሚዝ ጀርባ ላይ መጣበቁን ሲተው ነው) ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጫቱ ገብቶ ከተማው ጭጭ ሲል፣ የአውሮፓ አገሮችን የራግቢ ግጥሚያ ትከፍትልኛለች። ሌላው ሰው የእግር ኳስ ነው የሚፈልገው። እሷ ግን የሰውን ልማድ አትነካም። ሻዬንም ሁልጊዜ በግራዬ በኩል ነው የምታስቀምጠው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም፣ አይታ ነው የገባት።

ቀዩን መጀመሪያ ሳየው አንገቱ ቀጭን ነበር። የተጎዳ ሰው ተክቶ ገባ፤ ቁምጣው ሰፍቶት፣ ፊቱ የፈራ ሰው ፊት ሆኖ። ከዚያ በየዓመቱ በየብርዱ ወራት እየመጣ አደገብኝ። አንገቱ ወፈረ። ጆሮው በየጊዜው እየተመታ እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማተረ። መሐል ላይ ወደ ፈረንሳይ ክለብ ተዛወረና በየሳምንቱ አየው ጀመር፤ ጥቂት ዓመት ተጫውቶ አገሩ ተመለሰ። የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ ዓመት ጠፋ፣ መጣ። አገሩ ለዓለም ዋንጫ ሄዳ ስትሸነፍ ሣር ላይ ተቀምጦ ሣሩን አንድ በአንድ ሲነጭ አይቼዋለሁ። የቡድኑ አምበል ሆነ። ወለደ። ጢሙ ውስጥ ሽበት ገባ። እንግዲህ አንድን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ስታየው ዘመድ ይሆንብሃል፤ እሱ አያውቅህም እንጂ።

ባለፈው ዓመት አንገቱን ተመታ። ቀኝ እጁ ከትከሻው ተንጠልጥሎ፣ በግራው ደግፎት ሲወጣ አየሁት። ምን እንደተሰማው አወቅሁ። ማለቴ፣ ምን እንዳልተሰማው አወቅሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሻይ ቤቱ ውስጥ ደረጄ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተሳቢ እየነዳ የሚመላለስ፣ ዕቃ እስኪጫንለት እዚህ የሚውል ልጅ ነው።

«ጋሽ ወርቁ፣ ዛሬም እንቁላሉን ሊሰብሩት ነው?» አለኝ።

«አርፈህ ሻይህን ጠጣ።»

«የእውነት ግን፣ ይሄ ነገር ዳኛ አለው? ዳኛው ገላጋይ ነው የሚመስለው።»

«አለው። ሕግ አለው። ካንተ መንገድ ይሻላል።»

ሳቀ። ፈረንሳዊው በዚያ መሐል የቀዩ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፣ ሐኪሞች አቁም ብለውታል አለ። እኔ ሻዬን ይዤ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። የራግቢን ሕግ ከየት እንደማውቅ ደረጄ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይህን ነበር የምነግረው።

ከድሬዳዋ በባቡር የመጣሁት ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ ነው። ያኔ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር ብርቅ ነበር። ስንዴው፣ ሩዙ፣ ስኳሩ በጆንያ ይመጣል፤ በሰው ትከሻ ይወርዳል። እኛ ኩሊዎቹ ንጋት ላይ በሩ ፊት እንሰበሰባለን፣ ካቦው ወጥቶ በጣቱ ይጠቁማል። የተጠቆመ ይገባል፤ ያልተጠቆመ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። እኔ ትከሻዬ ሰፊ ስለነበር ብዙ ጊዜ ይጠቁሙኛል። ቀትር ላይ ከየመኖቹ ቤት ለሁለት ተሰንጥቆ እሳት የላሰው ዓሣ በቂጣ እንበላለን። ጣታችን ላይ የዓሣውና የስንዴው አቧራ ተቀላቅሎ ይጋገራል። ዛሬ የዚያን ዓሣ ሽታ ሳሸት ትከሻዬ ቀድሞ ያስታውሳል፤ ግራው።

ጆንያ መሸከም ሕግ አለው። ከመርከቧ እስከ መጋዘኑ ሰልፍ ነው፤ ጠባብ ቦታ ሲደርስ ከፊትህ ላለው ታቀብላለህ፣ ሰፊው ላይ ተሸክመህ ትሄዳለህ። መጋዘኑ ውስጥ ደርዳሪው ይጠብቅሃል። የእኛ ደርዳሪ ዋበሪ የሚባል ሶማሌ ነበር፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ጉንጩ ከጫት የማይለይ ሰው። ጆንያህን በመዳፉ ነካ አድርጎ «ዲግ» ይልሃል። በሶማልኛ አስቀምጥ ማለት ነው። ዋበሪ ዲግ ሳይል ያወረደ ሰው ድርድሩን ያበላሻል፤ ድርድር ከተበላሸ ደግሞ ተደርምሶ ሰው ይቀብራል። ሲደረመስ አይቻለሁ። ስለዚህ ዋበሪ ውኃ ሊጠጣ ሄዶ ከሆነ፣ ኩንታሉ ትከሻህ ላይ እንዳለ ቆመህ ትጠብቀዋለህ። እግርህ ይንቀጠቀጣል፤ አታወርድም። ይህ ነገር ከሰውነቴ ጋር ተሰፍቶ ነበር።

እህቴ ሙሉ እኔ በመጣሁ በዓመቱ ተከትላኝ መጣች። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድር ነበር። የምትተኛው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ፣ ከጋዙ አጠገብ ነው። ወጥ ቤቱ በር የለውም። ዓርብ ከሰዓት ይለቋታል፤ ከቤቱ የተረፈ ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ትመጣና ባሕሩ ዳር ተቀምጠን እንበላለን። አንድ ዓርብ ዳቦውን እየቆረሰች፣

«ሰውየው ሌሊት ውኃ ፍለጋ ይመጣል» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የቤቱ ጌታ። ይጠጣና አይሄድም። ይቆማል።»

 የቀረውን ዳቦ በወረቀቱ መልሼ ጠቀለልኩት።

ክፍል መከራየት ነበረብኝ። በር ያለው አንድ ክፍል። ካርቲየ 5 ውስጥ ብዙ ጠየቅሁ፤ አከራዮቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚሉት ቋሚ ነህ ወይ ነው። በጣት እየተጠቆመ የሚገባ ሰው ነገ ባይጠቆምስ? ተሳስተዋል አልልም። እኔም ብሆን አላከራየውም። ቋሚ ለመሆን ደግሞ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ሰው አልነበረኝም።

ብራየን የመጣው ያን ጊዜ ነው። የወደቡን ክሬን ሊጠግን በኮንትራት የመጣ አየርላንዳዊ መካኒክ ነበር፤ ክንዱ ሁልጊዜ ግራሶ፣ አፍንጫው ተሰብሮ ተጣምሞ የገጠመ። አገሩ ሳለ ራግቢ ተጫውቷል። ያኔ ራግቢ እንደ አሁኑ እንደ ቀዩ ዘመን ደመወዝ አልነበረውም። «ጨዋታው ሲያልቅ ሾርባና ድንች ይሰጡናል፣ በማግሥቱ ፊታችን አብጦ ሥራ እንገባለን» ይለኝ ነበር። ፈረንሳይኛው እንደ እኔው የተሰባበረ ስለነበር እንግባባለን፤ ሁለታችንም ቋንቋውን ከሰው ነው የለቀምነው። የሚሠራበት የመርከብ ወኪል ቤት ፓትሮን፣ ባለቤቱ ማለት ነው፣ ራግቢ የሚወድ ፈረንሳዊ ነበር፤ የራሱ ቡድን አለው፣ ዓርብ ዓርብ እዚህ ከሰፈሩት የፈረንሳይ ወታደሮች ጋር ይጋጠማሉ። ለቡድኑ የሚጫወት ሰው በዚያ ቤት ቋሚ ይሆናል። ይህን ወደቡ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ጆንያ ተሸክሜ በሳንቃው ላይ ስሮጥ ብራየን ከክሬኑ ላይ አይቶኛል። ወረደና ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው፤ በግ እንደሚገዛ ሰው።

«ለምን ትሮጣለህ? ሌላው ይራመዳል» አለኝ።

«ሲሮጡት ይቀላል።»

«ከፊትህ ሰው ቢቆምስ?»

«ጆንያ የተሸከመ ሰው ፊት የሚቆም የለም።»

ይህን ሲሰማ ሳቀ። ዓርብ ጠዋት አምቡሊ ና አለኝ።

አምቡሊ የደረቀው ወንዝ ውስጥ ነው ያስተማረኝ። ውኃ የሚወርድበት በስንት አንዴ ነው፤ ሌላ ጊዜ አሸዋና ጠጠር፣ ዳር ዳሩ ላይ የሚታኘክ ያጡ ፍየሎች፣ በላያችን ለማረፍ የሚያጎበድድ አውሮፕላን። ኳሷን ሰጠኝ። እንደ እንቁላል ሞላላ ናት፤ ከጆንያ ጋር ሳነጻጽራት ሳቄ መጣ።

መጀመሪያ ቀን ያስቸገረው አንድ ነገር ነው። ኳሷን ስይዝ ወዲያው ከፊቴ ላለው አቀብላለሁ።

«ወርቁ፣ ወደ ፊት አይሰጥም።»

«ከፊቴ ያለው ባዶ እጁን ነው እኮ።»

«ይሁን። ከኋላህ ላለው ብቻ ነው የምትሰጠው።»

«ወደ ኋላ ከሰጠንማ ሥራው እንዴት ይሄዳል?»

ብራየን አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ይህን ጥያቄ ለአገሩ ሰዎች ጽፎ እንደሚልከው ነገረኝ። ኋላ ግን ገባኝ። ያዝ፣ ሩጥ፣ ሲይዙህ አትቁም፣ ከወደቅህ ለኋላው ልቀቅ። ሩጫው ላይ ማንም አላስተማረኝም። ብራየን ወንዙ ራስ ላይ ሄዶ ይቆማል፤ የቡድኑ ልጆች መሐል ላይ ሊይዙኝ ይሞክራሉ፤ እኔ አልፌ እሱ ጋ እደርሳለሁ። ሲያገኘኝ ኳሷን ከእጄ ይቀበልና «ቦን» ይላል፤ ጥሩ ማለቱ ነው። እንደገና። ቦን። አሸዋው ላይ መስመር የሚባል ነገር አልነበረም፤ መጨረሻው ብራየን ነበር። ይህንን ልብ ያልኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ሌላውን ሕግ ሁሉ ነግሮኛል።

የብርዱ ወራት ገብቶ ነበር፤ ኸምሲን የሚሉት የሙቀቱ ወራት ንፋስ አቧራውን ይዞ ከሄደ ሰንብቷል። አንድ ሐሙስ ብራየን ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ነገ አንድ ሰው ጎድሎብናል፣ ትገባለህ። ፓትሮኑም ይመጣል። ስለ አንተ ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ኩሊው አንዴ ነጥብ ካገባ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ አምጣው አለ። አንዴ ብቻ፣ ወርቁ። መስመሩን አልፈህ።»

ለሙሉ በአገር ልጅ ላክሁባት። ምን ብዬ እንደላክሁ አላስታውስም፤ ምናልባት ነገ ቁርጡ ይታወቃል ብያለሁ።

ዓርብ ሜዳው ዳር ሰው ሞልቶ ነበር። በአንድ ወገን ፈረንሳዮቹ በወንበር፣ ከነሚስቶቻቸው። በሌላው ወገን፣ ግንቡ ጥላ ሥር፣ የእኛ ሰዎች፤ ኩሊዎቹ ሁሉ ነበሩ፣ ዋበሪም ጫቱን ይዞ መጥቷል። «ወርቁ በቁምጣ ሲሮጥ ሳላይ አልሞትም» ብሎ ነው የመጣው አሉኝ። ሙሉ ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። ሄጄ ሳምኳት። እጇ ላይ ትልቅ ፌስታል አለ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ልብሴ።»

«ዳቦ መስሎኝ።»

«ልብሴ ነው። ሁሉንም ይዤው ወጣሁ፣ ወንድም ጋሼ። ላልመለስ።»

ፌስታሉን አየሁት። ነጠላዋና አንድ ቢጫ ቀሚስ ከላይ ይታዩ ነበር። የት ታድሪያለሽ አላልኳትም። ለቅዳሜ ጠዋት አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቀረው፤ አንድ ሌሊት ደግሞ ባሕር ዳርም ይታደራል ብዬ አሰብኩ። ጉልበቴ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሞላ ልነግራችሁ አልችልም።

ስለ ጨዋታው ብዙ አልናገርም፤ ብዙውን አላየሁትም። ራግቢ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው የሰው ጭንና አቧራ ነው። ወታደሮቹ ጠንካራ ነበሩ፣ በጨዋነት ነው የሚጥሉህ፤ ከጣሉህ በኋላ እጅ ሰጥተው ያነሱሃል። ተጣልኩ፣ ተነሳሁ። ኳሷን ለኋላ ሰጠሁ። አፌ ውስጥ ጨው ነበር፤ ላብ ይሁን ደም አላጣራሁም። ግንቡ ሥር ያሉት ኩሊዎች ይሰድቡኛል። «ወርቁ፣ ስኳር ነው የያዝከው ሲሚንቶ?» ይላል አንዱ። «አንተን የሚጠቁም ካቦ ዓይኑ ይጥፋ» ይላል ሌላው።

ጨዋታው ሊያበቃ ሲቃረብ ሰዎች ተቆላልፈው በአንድ በኩል ወደቁ። ብራየን ከሥራቸው ነበር። ከክምሩ ሥር እጁ ብቻ ወጣና ኳሷን ወደ ኋላ ወረወረ፤ ደረቴ ላይ አረፈች። ከፊቴ ያለው ሜዳ ባዶ ነበር። ሮጥኩ። አንዱ ከጎን መጣ፣ ትከሻዬን ሰጠሁት፣ ተንሸራተተ። ሁለተኛው ሸሚዜን ያዘ፣ ሸሚዙ ቀረለት። ነጩን የኖራ መስመር ከእግሬ ሥር ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት።

አለፍኩ። ደረስኩ። ቆምኩ።

ኳሷን በሁለት ክንዴ ታቅፌ ቆምኩ። የሚቀበለኝ ሰው ፈለግሁ። ብራየን የለም፤ ሜዳው ወዲያ ጫፍ ክምር ሥር ነው። ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ ፈረንሳዮቹ ከወንበራቸው ተነስተዋል፣ እጃቸውን ወደ ታች ያወርዱታል፣ ያነሱታል። ደስ ብሏቸው መሰለኝ። ዓይኔ ሳላዘው ግንቡ ሥር ዋበሪን ፈለገ። አገኘሁትም። ጉንጩ ሞልቶ፣ እንደ ሌላው ሰው ያየኛል። እሱስ በምን ያውቃል? እኔም ጠበቅሁ። ውኃ ተጎንጭቶ ለመዋጥ የምታህል ጊዜ ናት። ከዚያ አትበልጥም።

ራግቢ ላይ መስመሩን ማለፍ ብቻውን ምንም አይደለም። ኳሷን መሬት ካላስነካህ አልደረስክም።

ከኋላዬ የመጣው ወታደር በሙሉ ክብደቱ አንገቴና ትከሻዬ መካከል ገባ። ጥፋት የለበትም፣ ሥራው ነው። መጀመሪያ ከጆሮዬ እስከ ጣቴ መብረቅ የመሰለ ነገር ወረደ። ከዚያ ምንም። አሸዋው ላይ በጎኔ ተኝቼ ኳሷ እየነጠረች ስትርቅ አየኋት። ቀኝ እጄ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የሰው እጅ መስሎኝ አንሳው ልለው ነበር።

ሙሉ ሮጣ መጣች። ፌስታሉን ሳትጥል ነው የመጣችው። ተንበርክካ እጄን ያዘች።

«ጨብጠኝ።»

«ጨብጬሻለሁ።»

«አልጨበጥከኝም፣ ወንድም ጋሼ።»

«ጨብጬሻለሁ እኮ ነው የምልሽ።»

እጄን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ጣቶቼ ተከፍተው ነበር።

ሰዎች ተሸክመው ጥላ ውስጥ አስቀመጡኝ። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ሙሉ ተነሳች። የቀጣሪዎቿ ግቢ በር ሳይዘጋ መድረስ አለባት። ፌስታሉን ከመሬት አንስታ አቧራውን አራገፈችው፤ ቢጫው ቀሚስ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር፣ ወደ ውስጥ መለሰችው። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ወደ ፕላቶ በሚወስደው መንገድ ስትሄድ ጀርባዋን አየሁ። እንደ ሌላው ዓርብ ነበር የምትራመደው።

አምቡሊ ያለ አፋር ወጌሻ አሸኝ። ሐኪም ቤት ያሉትም አዩኝ፤ አጥንቱ ደህና ነው፣ ጅማቱ ነው አሉ። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ክንዴ ከጊዜ በኋላ መነሳት ጀመረ፣ ጣቶቼም ይታጠፋሉ። የሚነካቸውን ነገር ግን እስከ ዛሬ አያውቁትም።

ብራየን ብርቱካን ይዞ ከሌሎች ኩሊዎች ጋር ወደማድርባት ጎጆ መጣ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ አጎንብሶ ገብቶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ብርቱካኑን ይልጣል፣ አይበላም።

«ለምን አላስቀመጥካትም?» አለኝ።

«ማንም አስቀምጥ አላለኝም።»

ልጣጩ እጁ ላይ ቀረ። ስለ ዋበሪ ነገርኩት፣ ስለ ድርድሩ፣ ስለ ዲግ። ስለ ወንዙም ነገርኩት፤ «አንተ ነበርክ የምትቀበለኝ» አልኩት። ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲገባው ነው። አጎንብሶ ሰማኝ።

«እሱ መነገር ያለበት ነገር መሆኑ በሐሳቤ አልመጣም» አለ። «እኛ አገር ሕፃን ከመራመዱ በፊት ያውቀዋል።»

«እኛም ጋ እንደዚያው ነው» አልኩት።

ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። ሌላ ምን እናደርጋለን?

ከወራት በኋላ ኮንትራቱ አልቆ ሳይሄድ በፊት ፓትሮኑን ለምኖልኝ ነበር። ቋሚ ሆንኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ዘበኛ። በትከሻዬ ያላገኘሁትን በሞተ እጄ አገኘሁት። ማደሪያዬ እዚያው በሩ ላይ ያለችው የቆርቆሮ ጎጆ ነበረች፤ ሴት አታስገባም፣ ሌላ ሰውም አትይዝም። የዘበኛ ደመወዝ ደግሞ ክፍል አያከራይም። በር ስጠብቅ ዕድሜዬ አለቀ። ሙሉ በዚያ ቤት ዓመታት ቆየች፤ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው በባቡር ድሬዳዋ የገባችው። በር በሌለው የወጥ ቤቱ መግቢያ ላይ ጠረጴዛውን እያስደገፈች ትተኛ እንደነበር ነግራኛለች። ሌላ አልነገረችኝም። እስክትሄድ ድረስ ዓርብ ዓርብ ዳቦውን ይዛ መምጣቷን አልተወችም፤ ቆርሳ በግራ እጄ ትሰጠኝ ነበር።

ይኸው ነው። ተቆጥቼ እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። የቁጣው ቦታ የት እንደነበር ስፈልገው እንደ እጄ ነው፤ አለ፣ አይመልስም።

ቅዳሜ ዕለት ቀዩ እስከ መጨረሻው አልተጫወተም። መሐል ላይ አስወጡት፤ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ፣ አንገቱን ማዞር ስላልቻለ ሙሉ ሰውነቱን እያዞረ ነው እጅ የነሳቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳው መሐል አቁመው ኳሷን ሰጡት፤ መታሰቢያ ትሁንህ ነው። ልጆቹ እግሩ ሥር ይሯሯጣሉ። አንዱ ማይክራፎን ይዞ አሁን ምን ልታደርግ አስበሃል አለው። ቀዩ ሳቀ፤ እተኛለሁ አለ። ከዚያ ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ማይክራፎኑ ሄደ። ሰዎቹም ወደ ውስጥ እየገቡ ነበር። እሱ ኳሷን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ቆሟል።

«አሁን ይሄ ሰውዬ ምን ሊሆን ነው ጋሽ ወርቁ?» አለ ደረጄ።

«ዘበኛ ይሆናላ።»

ደረጄ እስኪያስለው ሳቀ። ፋንታዬም ሳቀች። ቴሌቪዥኑ ወደ ሳሙና ማስታወቂያ ገባ፤ ኳሷን የት እንዳስቀመጣት አላየሁም።

ቅዳሜ ማታ ማታ ለሙሉ ድሬዳዋ እደውላለሁ። አሁን የልጅ ልጆች አሏት። ራግቢ አይታ አታውቅም፤ ቀዩን ግን ከእኔ አፍ ታውቀዋለች፣ የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ጊዜ ጸልያለታለች።

«ቀዩ አቆመ» አልኳት።

«ውይ። አንገቱ ነው?»

«አንገቱ ነው።»

«ልጆች አሉት አላልከኝም?»

«አሉት፣ ትንንሽ።»

«እንግዲያ እነሱን ይሸከም።» ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሳህን ይንኳኳል።

«ሙሉ» አልኳት። «ያን ዓርብ፣ ፌስታሉን ይዘሽ የተመለስሽ ዕለት...»

ሕፃኑን አንስታ ስታባብል ሰማሁ።  እኔ ጠበቅሁ።

«እራትህን በላህ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ።»

«ብላ። ሰዓቱ ሄዷል።»

ስልኩን ዘጋሁ። የተሸከምነውን አስቀምጡት የሚል ሰው እንደማይመጣ ሙሉ ከእኔ ቀድማ ሳታውቅ አልቀረችም፤ እሷ የራሷን የት እንዳኖረችው አላውቅም፣ የእኔን ግን አሁንም ታቅፌዋለሁ። ቀኝ እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዝንብ አርፋበት ጣቴን ስትጠርግ አየኋት፤ አንጓዬ ላይ ወጣች፣ ወረደች። ምንም አልተሰማኝም። በራሷ ጊዜ እስክትነሳ ጠበቅኋት።